የመታ ያምጣ፣ ትሪውንም ይያዝ

ጡረታ በወጣሁ ዕለት ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጥሎልኝ፣ ኬክ ተገዝቶልኝ፣ ንግግርም ተደረገልኝ። ተናጋሪዎቹ ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ነው የሚያርፉት። «ሲስተር ሥራ በጀመረችበት ዘመን ወጣቱ ጨዋ ነበር። የዛሬው ልጅ ግን...» ይሉና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ ከፊት ወንበር ላይ ስጦታዬን ታቅፌ ሳቄን ለማፈን ከንፈሬን ነክሻለሁ። ያልተነካ ግልግል ያውቃል! የዚያን ጨዋ ወጣት ግንባር ማን ሰፋውና? ተነስቼ ማይኩን ልቀማቸው ምንም አልቀረኝም ነበር። ሦስተኛው ተናጋሪ ንግግሩን ሳይጨርስ አንድ ነገር ሆነና ቀረ። እሱን ኋላ እመጣበታለሁ።

ስሜ ፈትለወርቅ ነው፤ ድሬዳዋ የሚያውቀኝ ግን «ሲስተር» ብሎ ብቻ ነው። የከዚራ ሰፈር ልጅ ነኝ፣ አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። የሥራ ዘመኔን በሙሉ ማለት ይቻላል ያሳለፍኩት ድንገተኛ ክፍል ውስጥ፣ የተፈነከተና የተወጋ በሚታጠብባትና በሚሰፋባት ጠባብ ክፍል ነው። ስለ ደሞዜና ስለ ዕድገት ፎርም እዚህ አላወራም፤ ሁለቱም ሲመጡ ዘግይተው ነው የመጡት፣ በቃ።

ሥራዬን ግን ወድጄው ነበር፤ እንዴት ልንገራችሁ! በቅርቡ ታይዋን ገበያ የስልክ ሽፋን ልገዛ ገባሁ። ነጋዴው ጢሙን ያንዠረገገ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ ሰውዬ ነው። ዋጋ ስንከራከር ቀና ብዬ ቅንድቡን አየሁት። «አንተ! ይሄ ቅንድብ የኔ ነው!» አልኩት። ሰውዬው ደንግጦ ቅንድቡን በእጁ ሸፈነ። ከዚያ አስተውሎ አየኝና «ወላሂ ሲስተር ነሽ! የአሸዋዋ ሲስተር!» ብሎ ጎረቤቶቹን ሁሉ ጠራብኝ። በዚህች ከተማ ውስጥ ስንት ቅንድብ፣ ስንት አገጭ አለኝ መሰላችሁ! ሌላው ሰው የልጅ ልጁን ይቆጥራል፣ እኔ ስፌቴን።

መጀመሪያ የተመደብኩት ከከተማው ወጣ ያለ ጤና ጣቢያ ነበር፤ እዚያ ወባና ምጥ እንጂ ጠብ አላየሁም። ወደ ከተማው ስዛወር ያገኘኋቸው አስተማሪዬ አው ዩስፍ ናቸው። «አው» ሐረሪዎች ለታላቅ ሰው የሚሉት ነው። አው ዩስፍ የመጋላ ሰፈር ሰው፣ አጭር፣ እጀ ቀጭን ድሬሰር፣ ማለትም ቁስል አጣቢና ሰፊ ነበሩ። በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይቀጥሉና በሶማሊኛ ይጨርሳሉ፤ ቁስለኛው በየትኛው ቋንቋ እንደሚያለቅስ ሰምተው ነው የሚመርጡት።

አስተጣጠባቸው ጉድ ነበር። ቁስሉን በጨው ውሃ ሲያጥቡት፣ ሲያጥቡት፣ ሲያጥቡት ልጁ «ኧረ ይበቃል አቦ!» ብሎ ይጮሃል። እሳቸው አይሰሙም። «መስፋትማ ልብስ ሰፊም ይሰፋል» ይሉኛል። «ሙያው ማጠቡ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።» ቅንድብ እንዳይላጭ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከተላጨ ጠርዙ የት እንደነበረ ይጠፋብሻል። የመጀመሪያዋ ክር የምትገባው የቅንድቡ ፀጉር መስመር ከመስመር ጋር የሚገጥምበት ላይ ነው፤ እሷ ከገጠመች ሌላው ራሱ ይመጣል። እሷን ከሳትሽ ልጁ ዕድሜውን ሙሉ እንደደነገጠ ይኖራል። የራስ ቆዳ ደግሞ ደሙ ብዙ፣ ጉዳቱ ትንሽ መሆኑን ነገሩኝ። «ደም አያስደንግጥሽ፣ ዝም ያለ ቁስል ያስደንግጥሽ» ይሉ ነበር። ይህችን ቃል ሰምቻት ነበር፤ የገባችኝ ግን ኋላ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ጥያቄያቸው ነበር። ሌላው ሰው ቁስለኛ ሲገባ «ማን መታህ?» ይላል። አው ዩስፍ «ማን አመጣህ?» ነው የሚሉት።

ያኔ የመጋላና የከዚራ ልጆች ወንዙ ሲደርቅ አሸዋው ላይ ኳስ ይጫወቱ ነበር። ኳሱ በጠብ ካላለቀ ጨዋታ አይባልም። ድንጋይ ደግሞ ከወንዝ ውስጥ አይጠፋም! መጀመሪያ ሳምንቴ ላይ ግንባሩ የተፈነከተ ልጅ ሌላ ልጅ ደግፎት ገባ።

«ማን አመጣህ?» አሉት አው ዩስፍ።

«እሱ።»

«የመታህስ?»

«እሱው።»

«ሀየ! ወሪያ፣ አንተ፣ ና ወዲህ። ትሪውን ያዝ።»

መቀስና መርፌ ያለበትን ትሪ አስያዙት። እኔ ማጠብ ጀመርኩ። መቺው መጀመሪያ ወደ ጣሪያው አየ፣ ቀጥሎ ወደ ግድግዳው፣ ቀጥሎ ወደ ቁስሉ፤ ከዚያ ትሪውም እሱም ኳ ብለው ወለሉ ላይ ወደቁ። አገጩ የአልጋውን እግር መትቶ ተሰነጠቀ። አው ዩስፍ ምንም አልመሰላቸውም። ሌላ ትሪ አስመጡ፣ የመጀመሪያውን ሰፍተን ስንጨርስ መቺውን አልጋው ላይ አወጣነውና ትሪውን ለተፈነከተው ሰጡት። «በል አሁን ያንተ ተራ ነው» አሉት። ሁለቱም ፋሻ ተጠምጥሞላቸው፣ በአንድ ጋሪ ላይ እየተሳሳቁ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ያን ቀን ሥራዬን ዕድሜ ልኬን እንደምወደው አወቅሁ።

ኋላ ላይ ነገሩ የሰፈር ሕግ እንደሆነ ገባኝ። በዚያ ዘመን መትቶ መሮጥ ነውር ነበር። የመታ ያመጣል፣ ትሪውንም ይይዛል። የሚወድቀው ብዛቱ! ከተመታው ይልቅ የመታውን ማንሳት ነበር የሚያደክመን። አንድ ቀን ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ጠየቅኋቸው።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ትሉ የለ?» አሉኝ። «ትሪ የያዘ ግን አይረሳም።»

እኔ ለግብረገብ ብለው የሚያደርጉት መስሎኝ ነበር። ሌላ ጥቅም እንዳለው አልጠየቅሁም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም።

ዓመታት አለፉ፤ ጠቡም እያየሁት ተለወጠ። ከድንጋይ ወደ ቀበቶ ዘለበት፣ ከዘለበት ወደ ተሰበረ ጠርሙስ፣ ከጠርሙስ ወደ ስለት። የሚገርማችሁ ግን የልጆቹ ቁጥር አልበዛም። እንዲያውም አነሰ! ልጁ ፕሌይ ስቴሽን ቤት ገባ፣ ስልኩ ላይ ተደፋ፣ አሸዋው ባዶውን ቀረ። ከሰዓት በኋላ ክፍላችን በር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ባዶ ሆኖ ሳየው «ተመስገን፣ አገር ሰላም ሆነ» ያልኩበት ጊዜ አለ። ግን የሚመጣው አንድ ቁስለኛ ብቻውን የድሮዎቹን አሥር ያህል ከባድ ሆኖ ይመጣ ጀመር። ቁስሉ ከግንባር ወርዶ ደረት ላይ፣ ከደረት ወርዶ ጎድን ሥር ገባ። ድንጋይ ጠቡ ሲነሳ ነው ከመሬት የሚነሳው፤ ስለት ግን ማንም ሳይቆጣ፣ ጠዋት ከቤት ሲወጣ ኪስ ውስጥ ይገባል። ልዩነቱ ይሄ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ለተናጋሪዎቹ ልነግራቸው የፈለግሁትም ይሄንን ነበር።

ሌላም ነገር ተለወጠ። አው ዩስፍ ጡረታ ሊወጡ ሲቃረቡ «ማን አመጣህ?» ሲሉ መልስ የሚሰጥ ጠፋ። ባጃጅ ነጂው የፖሊስ ምስክርነት ፈርቶ ቁስለኛውን በር ላይ አውርዶ ይከንፋል። የመታውማ የት ተገኝቶ! «ልጄ፣ ጠቡ አልበዛም» አሉኝ አንድ ቀን እጃቸውን እየታጠቡ። «የበዛው ሽሽቱ ነው።»

እሳቸው ከወጡ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኑረዲን መጣ። የሳቢያን ሰፈር ልጅ ነው፣ ገና ጢሙ በደንብ ያልወጣ። ኳስ ማሳያ ቤት ውስጥ በወንበር ተጣልተው ነው። ባጃጅ በር ላይ ጥሎት ሄደ፤ እሱ ግን በእግሩ እየሄደ፣ እየሳቀ ገባ።

«አቦ ሲስተር ቶሎ በይና፣ ሁለተኛው አጋማሽ ሊያመልጠኝ ነው!»

ሸሚዙን ገለጥኩት። በግራ ጎኑ፣ ከጎድኑ ግርጌ፣ ከጣት ጥፍር የምታንስ ቀዳዳ። ደም የለም ማለት ይቻላል። አንድ ክር የሚበቃት ነገር! «በምን ወጋህ?» አልኩት። «አላየሁትም፣ ሮጠ» አለኝ። ሐኪማችን በዚያ ሰዓት የተገለበጠ መኪና ቁስለኞች ይዞ ኦፕራሲዮን ክፍል ነበር። እኔ አጠብኩ፣ የደም ግፊቱን ለካሁ፤ ደህና ነው። አስተኛሁትና ሐኪሙ እስኪወጣ እንዲጠብቅ ነገርኩት። ጎል ሲገባ ከመንገድ ማዶ የሚሰማውን ጩኸት እየሰማ «ማን አገባ? ማን አገባ?» ይለኛል። ከዚያ «ሲስተር፣ ጠማኝ» አለ። ደግሞ «በጣም ጠማኝ» አለ። ዞር ብዬ ሳየው ከንፈሩ ነጥቷል።

ያን ጊዜ ሮጥን፤ ያለንን ሁሉ አደረግን። ሐኪሙ ከፍቶ ሲያየው ሆዱ ውስጥ ሙሉ ደም ነበር። ኑረዲን አልተረፈም። ሐኪሙ ማንም ቢሆን ሊያመልጠው ይችል ነበር ብሎ አጽናናኝ፤ ደግ ሰው ነው፣ እውነቱንም ነው። የኔ ዓይን ግን ቁስልን በርዝመቱ መመዘን የለመደ ዓይን ነበር። ቁስሉ በርዝመት መምጣት ትቶ በጥልቀት መምጣት ከጀመረ ቆይቷል፣ ዓይኔ ግን አሸዋው ላይ ቀርቶ ነበር። አለቀስኩ፣ ታምሜ ሥራ ቀረሁ፣ መርፌ መያዝ አስጠላኝ።

የኑረዲን ታናሽ ወንድም ረምዚ በር ላይ ቆሞ «ማን ነው? በምን ነው?» እያለ ሁሉንም ሲጠይቅ አየሁት። የሚነግረው ሰው አልነበረም። የወጋው ልጅ ኋላ ተይዞ ታሰረ፤ ያኔ ግን ማንም አያውቅም።

አው ዩስፍ ዘንድ መጋላ ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ማን አመጣው?» አሉኝ።

«ጥለውት ሄዱ፣ አው ዩስፍ።»

«እንግዲያ ብረቱ እስከየት እንደገባ ማን ይንገርሽ?» አሉኝ። «ቁስለኛው አያየውም። አንቺም አታይውም። የሚያውቀው የእጁ ባለቤት ብቻ ነው።»

ክው አልኩ! ለካ ያ ትሪ ለግብረገብ ብቻ አልነበረም። የመታው አጠገባቸው እንዲቆም የሚፈልጉት ድንጋዩ ምን ያህል እንደነበረ፣ ከየት እንደተወረወረ፣ ልጁ ሲወድቅ ራሱን ስቶ እንደሆነ ሊጠይቁት ነው። ስንት ዓመት አብሬያቸው ቆሜ እያዳመጥኩ፣ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ያኔ ቁስሉ ላይ ላዩን ስለነበረ የመታው ባያመጣውም ቁስለኛው ይድን ነበር። የመታው ሰው በጣም የሚያስፈልገን አሁን ነው፣ አሁን ደግሞ የለም።

በማግሥቱ ሥራ ገባሁ። ከሥራ ስወጣ ደግሞ በየባጃጅ ተራው፣ በየኳስ ማሳያ ቤቱ እየዞርኩ «የመታ ያምጣ!» ማለት ጀመርኩ። ሴትዮዋ አበደች አሉ። ልጆቹ ከበው ይስቁብኛል። «ሲስተር፣ መትቼ ደግሞ በእግሬ ፖሊስ እጅ ልግባ? አቦ ተይና!» ይሉኛል። እኔም አልለቃቸውም። «መያዝህ አይቀርም። ቁስለኛህን አድነህ ትያዛለህ ወይስ ሬሳ ጥለህ?» እላቸዋለሁ። ለሆስፒታላችን ተረኛ ፖሊስም ነገርኩት። የመታው ሰው ትሪውን ይዞ እስከቆመ ድረስ በር ላይ እንዲጠብቅ፣ ትሪው ሲቀመጥ እንዲወስደው ለመንኩት። ራሱን አከከና እሺ አለ። የነርሶች አለቃዋ ሜትሮን ግን «ይሄ ሆስፒታል ነው፣ የሽማግሌ ጉባኤ አይደለም» ብላ ተቆጣችኝ። ደግነቱ ቁጣዋ እስከ ምሳ ሰዓት ነው የሚቆየው።

ማንም አልመጣም። ወር አልፎ ወር ተተካ፤ ቁስለኛው ይመጣል፣ የመታው የለም።

ረምዚ አድጎ በሳቢያን መስመር ባጃጅ ይነዳ ጀመር። እናቱ ከኑረዲን ወዲያ የቀራት እሱ ብቻ ነው። ተራ ይዞ ሲቆም እሄዳለሁ፤ እሱ ፊቱን ያዞራል። አንድ ቀን ግን ሞተሩን አጥፍቶ «ወንድሜን የወጋውስ ለምን አላመጣውም?» አለኝ። ዓይኔን ዝቅ ሳደርግ ከመቀመጫው ጎን የተሻጠ ካቻቪቴ አየሁ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ለባጃጇ ነው።»

«ብሎን የሚፈታ ካቻቪቴ ጫፉ ይሾላል እንዴ?»

ወደ መቀመጫው ሥር ገፋው። ቆይቶ «ሲስተር፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዶ እጄን መውጣት እፈራለሁ» አለኝ። ይሄ ልጅ ወይ ተወግቶ ይመጣል ወይ ወግቶ ይጠፋል አልኩ። ጣለው ስለው እምቢ አለኝ። እናቱን ቡና ቤት ደጃፍ ሳገኛት ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ ባጃጅ ግቢያችን በር ላይ በቆመ ቁጥር ሮጬ ወጥቼ አይ ነበር፤ የሚወርደው እሱ እንዳይሆን።

እንግዲህ ወደ ድንኳኑ እንመለስ። ሦስተኛው ተናጋሪ «የዛሬው ወጣት...» ብሎ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ፣ አንዲት ባጃጅ ጥሩምባዋን እያንባረቀች፣ ዘበኛውን ጥሳ ግቢ ገባች። ድንገተኛ ክፍል በር ላይ አልቆመችም፤ በቀጥታ ድንኳኑ አጠገብ መጥታ ቀጥ አለች። ረምዚ ዘሎ ወረደ። ጎኑን የያዘ ሌላ ባጃጅ ነጂ ደግፎ አወረደ።

«ሲስተር! የመታ ያምጣ ብለሽ የለ? አመጣሁ!» ብሎ ጮኸ።

ስጦታዬ የት እንደወደቀ እስካሁን አላውቅም። በተራ ተጣልተው ነው፤ ማን ቀድሞ ማን ኋላ ይጫን በሚል ትንሽ ነገር። ቁስለኛው «ደህና ነኝ አቦ፣ ልቀመጥ» ይላል። ሸሚዙን ገለጥኩ። ግራ ጎን፣ ከጎድን ግርጌ፣ ከጥፍር የምታንስ ቀዳዳ። ደም የለም። የኑረዲን ቁስል! ቦታው ራሱ!

«በምን?» አልኩት ረምዚን።

ካቻቪቴውን ከመቀመጫው ሥር አወጣ።

«እስከየት?»

አውራ ጣቱን ከመሃሉ አለፍ አድርጎ ብረቱ ላይ አሳረፈ። «እስከዚህ። ከታች ወደ ላይ ነው የሰነዘርኩት። ወላሂ ሲስተር፣ እስከዚህ ነው።»

ሐኪማችን አጠገቤ የኬክ ሳህን ይዞ ቆሟል። ካቻቪቴውን አየ፣ የረምዚን ጣት አየ፣ ሳህኑን የሜትሮኗ እጅ ላይ አስቀመጠ። «አሁኑኑ ኦፕራሲዮን ክፍል!» አለ። ማንም መጠበቅ የሚባል ነገር አላነሳም። ግሉኮስ ለመስቀል ክፍላችን ስናስገባው ትሪውን አነሳሁና ለረምዚ ዘረጋሁለት።

«ያዝ።»

ያዘ። ትሪው ላይ መቀሶቹ እርስ በርስ ይንጫጫሉ። ቁስሉን ሳጥብ ዓይኑን አላነሳም፤ እንባው ይወርዳል፣ ግን አየ። ይወድቃል ብዬ ጠበቅሁ። አልወደቀም። ቁስለኛው ባልጋ እየተገፋ ሲወጣ የረምዚን እጅጌ ይዞ «ባጃጄን ተራው ላይ ጥዬ ነው የመጣሁት፣ አስጠብቅልኝ» አለው። በዚያ ሁሉ መሃል ሳቅ አመለጠኝ! ተረኛው ፖሊስ ቃሉን ጠብቆ በር ላይ ቆሟል። ረምዚ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠና ሁለት እጁን ራሱ ዘረጋለት።

የረምዚ እናት ደረሰች። ከሩጫዋ የተነሳ ነጠላዋ አንድ ትከሻዋ ላይ ብቻ ቀርቷል። ትንፋሿ ተቆራርጦ «ንገሪኝ ሲስተር፣ ሞተብኝ ወይስ ገደለ?» አለችኝ።

ሐኪሙ እስኪወጣ ድረስ አብሬያት ተቀመጥኩ። ሐኪሙ ጭምብሉን እያወረደ ወጣ። ውስጥ መድማት ጀምሮ እንደነበር፣ ግን ቀድመው እንደደረሱበት ነገረን። ያን ጊዜ ወደሷ ዞርኩ።

«አልሞተም፣ አልገደለምም» አልኳት። ተቃቅፈን አለቀስን፣ ደግሞ ሳቅን፤ ድንኳን ውስጥ የነበረው እንግዳ ሁሉ ከቦ ያየናል።

ረምዚ ቅጣቱ አልቀረለትም፤ ይገባዋልም። ሽማግሌዎች ሁለቱን ቤተሰብ እያነጋገሩ ነው። እስኪፈታ ድረስ እናቱ እስር ቤት ሄዳ የምትጠይቀው፣ በሕይወት ያለ ልጅ አላት፤ የቁስለኛውም እናት ልጇ ተርፎላታል።

ያን ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ በዚያው የክብር ልብሴ ባጃጅ ይዤ ወደ መጋላ በረርኩ። አው ዩስፍ አርጅተዋል፤ ለመግሪብ ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ገና ከባጃጁ ሳልወርድ ነው የጀመርኩት፤ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ፣ እየተደነባበርኩ ነገርኳቸው። እጃቸውን አነሱና አስቆሙኝ።

«ማን አመጣው?»

«የወጋው፣ አው ዩስፍ!»

«ትሪውንስ?»

«ያዘ። አልወደቀም።»

ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጡ። ዓይናቸው ሞላ። ከዚያ ያንን ቀጭን እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ።

«በይ እንግዲህ» አሉኝ። «አሁን ጡረታ ውጪ።»